አልነሣ ያለው ላፕቶፕና የሜይስኬ ቂም

ላፕቶፑን ከመዘምራኑ ክፍል ተሸክማ ያመጣችው የሜይስኬ ታናሽ እህት ቮኒ ነበረች። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ፣ ሆዷ ላይ አቅፋ ይዛው መጥታ ገና በሩ ላይ ሆና ሰጠቻት።

«ጋሼ ኖልዲ ልከውልሽ ነው» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «‹በጣም ተንቀራፎ ስለነበር ፎርማት አስደርጌላታለሁ፣ እንደ አዲስ ሆኗል› ብለዋል። ቂም እንዳልያዝኩባትም ንገሪያት ብለውኛል።»

«ማን ፎርማት አድርግልኝ አለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደግ ሥራ መስሏቸው ይሆናላ።»

ሜይስኬ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ማብሪያውን ተጫነች። የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለና ጠፋ። ከዚያ የላፕቶፑ መስኮት ጥቁር ሆነ፤ በጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ተጻፈች፦ የሚነሣበት ነገር አልተገኘም። አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ገመዱን ሰክታ፣ ነቅላ፣ ደግማ ሰክታ ሞከረች። ያቺው ነጭ መስመር ተመልሳ መጣች።

«እንደ አዲስ ሆኗል ነው ያለሽ?» አለች። ቮኒ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር።

በማናዶ ከተማ የመዘምራን መሪውን የኖልዲ ቱምቤላካን ስም የማያውቅ የለም። ከተማው ሕፃን ሽማግሌው የሚዘምርበት ከተማ ነው፤ በዓመቱ የመዘምራን ውድድር ላይ ዋንጫውን ደጋግሞ የሚወስደው ደግሞ የኖልዲ ቡድን ነው። ሜይስኬ ከልጅነቷ ጀምሮ የእሱ ኦርጋን ተጫዋች ነበረች፤ የየድምፁን ኖታ የምትጽፈው፣ ልምምድ ላይ ከላፕቶፑ የምታሰማው እሷ ነበረች። ላፕቶፑ የራሷ ቢሆንም ውሎ አዳሩ በመዘምራኑ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ደግሞ ኖልዲ ነው።

አባቷ ከቢቱንግ ወደብ ወደ ባሕር የሚወጣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መረብ ሲጠግን ቃል የሌለው አንድ ዜማ ያንጎራጉር ነበር፤ ከማን እንደ ሰማው ሲጠይቁት «እኔ እንጃ፣ ከመረቡ ነው» ይላል። ሜይስኬ አንድ ቀን ሳያውቅባት በስልኳ ቀዳችውና ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠችው። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ጀልባው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ስልኳም በኋላ ጠፋ። በሐዘኗ ወራት በዚያ ዜማ ላይ ቃል ጨመረችበት፣ በአራት ድምፅ ከፈለችው፣ ለኖልዲም ወስዳ ሰጠችው። ኖልዲ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማና «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል» አለ።

የውድድሩ ፕሮግራም ታትሞ ሲወጣ ከመዝሙሩ ሥር «ድርሰት፦ ኖልዲ ቱምቤላካ» ይላል።

ሦስት ጊዜ ሄዳ አናገረችው። መጀመሪያ የአታሚው ስሕተት ነው አላት። ሁለተኛ ሥራ ላይ ነኝ አላት። ሦስተኛው ጊዜ መዘምራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነበር፤ ሳቅ እያለ «አንቺ ልጅ፣ እሺ ዘሩን አንቺ ነሽ የዘራሽው እንበል። መሬቱ የማን ነው? የኔ አይደለም?» አላት። ከኋላ ያሉት ባሶች፣ ወፍራም ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች፣ ሳቁ። ሜይስኬ ኦርጋኑን ዘግታ ወጣች፤ ላፕቶፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ቮኒ አልወጣችም። በዚያ መዝሙር ላይ ብቻዋን የምትዘምርበት ቦታ ነበራትና።

ላፕቶፑ በመጣ በማግሥቱ ሜይስኬ ይዛው ወደ ሬፍሊ ሄደች። ሬፍሊ ወደቡ አጠገብ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ድሮ አብሯት ይዘምር ነበር፤ ኖልዲ «ይሄ ድምፅ ለገበያ የሚጎተት ፍየል ነው» ብሎ በሰው ፊት እስኪያባርረው ድረስ።

«ምን ሆኖብሽ ነው?» አላት፣ የተጠበሰ ሙዝ በቃሪያ ድልህ እያጠቀሰ።

«አልነሣ አለ። ፎርማት ተደርጎ ነው።»

«ማን አደረገው?»

«ኖልዲ ያዘዘው ሰው።»

ሬፍሊ ሙዙን አስቀመጠ። ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲያው ሌላው ሰው ሁሉ ይጠብቅ» አለና ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን የሰው ዕቃ በክንዱ ወደ ጎን ገፋው።

በመጀመሪያ ጀርባውን ፈቶ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ አወጣና ወርቅማ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ አሸት አሸት አደረገው። መልሶ ከትቶ ሲያበራው ያቺው ነጭ መስመር መጣች።

«ይሄ ምን ሊጠቅም ነው?»

«ምንም። ግን ይሄን ሳላሽ ጀምሬ አላውቅም፤ ለወጉ ነው።»

ቀጥሎ እያበራ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መታ፤ የላፕቶፑ የውስጥ ማስተካከያ ተከፈተ። ሁለቱም ዲስኮች ስማቸው ተጽፎ ይታያል፦ ሲስተሙ የሚጫንበት ትንሹና ፈጣኑ፣ እንዲሁም ሜይስኬ ራሷ በሲዲ ማጫወቻው ቦታ ያስገባችው ትልቁ። ሬፍሊ «አልሞቱም፤ ሁለቱም ይተነፍሳሉ» አለ። ከዚያ የአነሣሡን መንገድ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ቀይሮ ሞከረ። አሁን ነጯ መስመር እንኳ አልመጣችም፤ ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ምን ዓይነት እርጉም ነው!» አለች ሜይስኬ።

«ተይ፣ አትስደቢው። ስድቡን ለባለቤቱ አቆዪለት።» ወደ ነበረበት መለሰውና የራሱን ፍላሽ ሰካ። በፍላሹ በኩል ሲነሣ የዲስኮቹን ሆድ ዕቃ ማየት ተቻለ። ሬፍሊ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ብዙ አየ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ምን አየህ? ንገረኛ!»

«አዲሱ ሲስተም ተጭኗል፤ አለ። መነሻውን ግን የጫኑት በራሳቸው ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹ እንደ ተሰካ ሲያበሩት ሠራላቸው። ደስ ብሏቸው ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ቤት ሠርተው በሩን ይዘውት ሄዱ!»

«ስለዚህ ይነሣል?»

«መነሣቱስ ይነሣል።» ሳቁ ቀዘቀዘ። «ግን ሜይስዬ፣ የሚነሣው ባዶ ቤት ነው።»

ትእዛዙን ፊደል በፊደል ጻፈ፤ አንዷን ፊደል ስቶ ቀይ ስሕተት መጣበት፣ ተሳድቦ እንደገና ጻፈ። የጎደለው መነሻ ወደ ትንሹ ዲስክ ተገለበጠ። ፍላሹን ነቅሎ «በይ አንቺ አብሪው» አላት። ሜይስኬ ተጫነች። ምልክቱ መጣ፣ ነጥቦቹ መዞር ጀመሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ፤ ድንገት መስኮቱ ሰማያዊ ሆኖ ተከፈተ።

ምንም የለበትም። የሠርግ መዝሙሮቿ፣ ኖታዎቿ፣ ፎቶዎቿ፣ የለፋችባቸው ዓመታት በሙሉ የሉም። በመስኮቱ ጥግ የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ላይ «የኖልዲ መዘምራን» ይላል።

«በገዛ ላፕቶፔ!» አለች። ጥርሷን ነክሳ ስለነበር ድምፁ በአፍንጫዋ ወጣ። «በገዛ ላፕቶፔ ስሙን ጻፈበት!»

የአባቷ ድምፅ የነበረው ትልቁ ዲስክ ላይ ነው። ሬፍሊ ሲከፍተው «ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ» ይላል። ሜይስኬ ልትነካው ስትል እጇን ቸብ አደረጋት።

«እንዳትነኪው! አንዲት ነገር ብትጽፊበት አለቀልን። ስሚኝ፣ ማውጫውን ነው የቀደዱት። ገጾቹ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማንም ካልጻፈባቸው። አንቺ እኮ እድለኛ ነሽ፣ እግዜር ሰነፍ ጠላት ሰጥቶሻል።»

ትልቁን ዲስክ አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘውና ፍለጋውን ጀመረ። ከሰዓቱ በዚያው አለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ አባራ፤ ደንበኞች መጥተው ተቆጥተው ሄዱ። የተገኙት ፋይሎች ስም የላቸውም፤ ሁሉም በቁጥር ብቻ ነው የሚታወቁት። አንድ በአንድ ከፍቶ መስማት ግድ ሆነ። ግማሹ ተቆራርጧል። የሠርግ ጭብጨባ መጣ። የፋሲካ ልምምድ መጣ። የኖልዲ ድምፅ መጣ፦ «ሴቶች፣ ዝቅ! ዝቅ አልኩ! ዓሣ እየሸጣችሁ ነው እንዴ?» ሬፍሊ አገጩን ቀና አድርጎ እጁን እያወዛወዘ ኖልዲን አስመሰለው። ሜይስኬ አልሳቀችም።

ከዚያ አንዱ ሲከፈት ሞገድ ተሰማ። ሞገዱ እንጨት ይመታል። አንድ ሰው ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማንጎራጎር ጀመረ። ያ ዜማ ነው፤ ከመረቡ የመጣው። ዜማው መሐል ላይ ተቋርጦ «ሜይስ፣ እስቲ ያንን መቀስ አቀብዪኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሬፍሊ ኮፍያውን አወለቀ።

ሜይስኬ ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ አላለቀሰችም። መቀሱን የምታቀብል ይመስል እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምትፈልገው ስሟ ወረቀት ላይ እንዲጻፍላት ነበር። አሁን ወረቀቱ ከልቧ ወጣ።

«ይሄን ነው ያጠፋው» አለች።

«ፌስቡክ ላይ እንልቀቀው» አለ ሬፍሊ። «እስከ ነገ ማናዶን ያዳርሳል። እኔ ራሴ አጋራዋለሁ፤ አክስቶቼ ብቻ ከተማውን ይሞሉታል።»

«አይሆንም። እዚያ ይመልስልኛል። አፍ አለው፤ ያወራል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። እኔ የምፈልገው አፉን መክፈት የማይችልበትን ቦታ ነው።»

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«መዘምራን ሲመራ። ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ እጁን ሲያነሣ።»

ሬፍሊ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «አንቺ ክፉ ነሽ» አላት በአድናቆት።

ቢቱንግ ውስጥ በዓሣ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች መዘምራን ነበሯቸው። መሪያቸው እትዬ አልቼ፣ ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር የለመደች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነች። በየዓመቱ ይወዳደራሉ፣ በየዓመቱ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይወጣሉ። ሜይስኬ ሄዳ የአባቷን ድምፅ አሰማቻቸው። ሴቶቹ የሥራ ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ፣ የዓሣው ሽታ እንዳለባቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄማ ያ ቀልደኛው ነው» አለች እትዬ አልቼ። «ትርፍ ዓሣ ሲያገኝ በራችን ላይ ጥሎልን የሚሄደው። ምን እናድርግልሽ ልጄ?»

«ከኖልዲ በፊት ይህን እንድትዘምሩልኝ።»

«እሱም ይህንኑ ሊዘምር ነው?»

«አዎ። የኔ ነው ብሎ።»

እትዬ አልቼ ወደ ሴቶቿ ዞረች። አንዷ ተነሥታ የክፍሉን በር ዘጋች። በዚያው ልምምድ ተጀመረ። ሜይስኬ መዝሙሩን በቃሏ እያስታወሰች ልክ እንደ ጻፈችው፣ ኖልዲ ያሳጠረውን ሦስተኛ ስንኝ ሳትቀንስ አስጠናቻቸው። ለውድድሩ ኮሚቴ ሌላ ርእስ አስመዘገበች። ቀን በቀን ወደ ቢቱንግ ስትመላለስ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዚያን ሰው ጀርባ። ኮቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ። ይህን እያሰበች ምግብ ይጣፍጣት ነበር።

ቮኒ የሰማችው ከፋብሪካው ሴቶች ከአንዷ ነው። እቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እታለም፣ ተይ። ብቻዬን የምዘምረው እኔ ነኝ እኮ። እሳቸውን አዋርዳለሁ ብለሽ እኔን ነው ሰው ፊት የምታቆሚኝ።»

«የላፕቶፔን ፓስዎርድ ማን ሰጠው?» አለች ሜይስኬ።

ቮኒ ጫማዋን ልታወልቅ አጎነበሰች።

«ፓስዎርዴን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን ሰጠው?»

«ኖታውን ልገልብጥ ብለው ነው የጠየቁኝ። ያጠፉታል ብዬ አላሰብኩም። በእማማ ልማልልሽ።»

«የአባባ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ቮኒ፤ መሬት መሬት እያየች።

«እንግዲያው ሂጂና ቁሚለት። እንደ ወደድሽ። እኔ ግን አልተውም፤ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ብትለምነኝ አልተውም።»

የመድረክ ተራ ለሚወጣበት ዕጣ የሄደችው እትዬ አልቼ ነበረች። ስትመለስ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ በመስኮት ጮኸች፦ «እጄን ሳሚ! ልክ ከፊቱ ነን! እሱ ከኛ ቀጥሎ ነው!» ሜይስኬ የምር እጇን ሳመቻት።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ላፕቶፑ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጦ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተያይዟል። የፋብሪካው ሴቶች አረንጓዴ ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። ሜይስኬ ማብሪያውን ተጫነች። ነጥቦቹ ይዞራሉ። ይዞራሉ። ዳኞቹ ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሬፍሊ ሊሮጥ እንደ ተዘጋጀ ሰው ግማሽ ተነሥቶ ቆሟል። መስኮቱ ተከፈተ፤ ሬፍሊ ሲቀመጥ ወንበሩ ተንቋቋ።

አዳራሹ ውስጥ ሞገድ ተሰማ። የሰውየው ሳል፣ ከዚያ ማንጎራጎሩ። በቢቱንግ ሰዎች በኩል አንዲት ሴት «እሱ ነው! ጌታዬ፣ እሱ ነው!» ስትል ተሰማ። መቀሱን አቀብዪኝ ከሚለው በኋላ እትዬ አልቼ ትንፋሿን ሳበችና ሴቶቹ ዜማውን ካቆመበት ተቀበሉት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ወርዶ ነበር፤ ሜይስኬ ሰምታለች፣ ግድ አልሰጣትም። ዐይኗ ያለው የጎኑ በር ላይ ነው። ኖልዲ እዚያ ቆሟል፤ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ መዘምራኑ ከኋላው ተደርድረዋል። ፊቱ መጀመሪያ ፈገግታ ነበረበት፤ ቀጥሎ ልክ እንደ ላፕቶፑ መስኮት ባዶ ሆነ።

ጭብጨባው ሲያበቃ አስተዋዋቂው የቀጣዩን ቡድን ስም፣ የመዝሙሩን ርእስና የደራሲውን ስም አነበበ። ኖልዲ ቱምቤላካ ወደ መድረክ ወጣ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? እጁን አነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ ገና ሲወጣ ከኋላ ወንበሮች «እንዴ?» የሚል ተሰማ፤ ከዚያ ማጉረምረም፣ ከዚያ አንድ የወንድ ሳቅ። ኮቱ ጀርባው ላይ ተጨማደደ። ዞሮ ምንም ሊል አይችልም፤ እጁ መሄድ አለበት። ሜይስኬ እያንዳንዷን ነገር ጠጣቻት።

ቮኒ ብቻዋን የምትዘምርበት ቦታ ደረሰ። ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንጎራጎር ጀመሩ። ኖልዲ ጣቱን ወደ እሷ ዘረጋ። ቮኒ አፏን አልከፈተችም። ጣቱ እንደ ተዘረጋ ቀረ፤ በከንፈሩ «ዘምሪ» ይላታል። ቮኒ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ዝም አለች። ማንጎራጎሩ ከሥር ብቻውን ሄዶ ሄዶ፣ አንዱ ወገን ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ተበታተነ። የኖልዲ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሜይስኬን በኋላ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ላቡ ፀጉሩን የተቀባበትን ጥቁር ቀለም ይዞ በጆሮው ሥር ወርዶ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን በድዬሽ ነው እንዲህ ያለ ጉድ የምታደርጊኝ? አስተማርኩሽ፣ አሳደግሁሽ!»

«የአባቴን ድምፅ አጠፋህ» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትለው ኖራ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሱም ሰምቶት ወደ ኋላ አለ።

«የምን ድምፅ? እኔ ልጁን ‹አጽዳው› ነው ያልኩት። ምን እንዳለበት እንኳ አላየሁም!»

ሜይስኬ እውነቱን መሆኑን ዐወቀች። ማየት እንኳ አላስፈለገውም። ይህ ከሁሉ ባሰባት፤ ለቅጽበት የያዘችው ጨዋነት ሊያመልጣት ደረሰ።

«እሱን ነው የምልህ!» አለችው። «ሳታይ!»

ትታው ሄደች።

የፋብሪካው ሴቶች አራተኛ ወጡ፤ ዳኞቹ ጆሮ ነበራቸው። ቢሆንም እንደዚያ ከፍ ብለው ስለማያውቁ ወደቡ ላይ ዓሣ ጠብሰው ጨፈሩ። የኖልዲ ስም ከፕሮግራሙ ላይ እንዲሰረዝ ኮሚቴው ወሰነ። እሱም ደም ግፊት ነው ብሎ መምራቱን ተወ። የቀድሞ መዘምራኑ ሽማግሌ ልከው ሜይስኬን ነይና ምሪን ብለው ለመኑ። የሳቁት ባሶችም ከላኪዎቹ መሐል ነበሩ። ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው፤ እሺ አላለችም።

በውድድሩ ዕለት ግን ሁለቱ እህቶች ወደ ቤት የተመለሱት በአንድ ሚኒባስ ነበር፤ ሙዚቃው መስታወቱን በሚያንቀጠቅጥ፣ ማውራት በማያስችል ሚኒባስ። ጉልበታቸው ይነካካል። ከወረዱ በኋላ፣ ቤታቸው ቅያስ ላይ ቮኒ ቆመች።

«ደስ አለሽ?»

«አዎ» አለች ሜይስኬ።

«አሁንስ? ቂምሽ ወጣልሽ?»

ሜይስኬ እህቷን አየቻት። ዛሬ አፏን ስለዘጋችው በልቧ አመሰገነቻት፤ ፓስዎርዱን ስለ ሰጠችው ግን ገና ይቅር አላለቻትም፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። መዋሸት አላሰኛትም።

«አልወጣልኝም» አለች። «ገና አልጠገብኩም።»

በሩን ከፍታ ገባች፤ ቮኒም ተከትላት ገባች።